4,294,967,297 ይካፈላል ወይስ አይካፈልም?

ነገሩ የጀመረው ከፊልም ነው። አንድ ረዘም ያለ ፊልም ከላፕቶፕ ወደ ፍላሽ ልገለብጥ ስል እምቢ አለኝ። ፍላሹ 32 ጊጋ ነው፤ ባዶ ቦታ ሞልቶታል። ፊልሙ 5 ጊጋ እንኳ አይሞላም። ምክንያቱን ስፈልግ አንድ ቁጥር አገኘሁ። ፍላሹ ፎርማት የተደረገበት ፋት32 የሚሉት አሠራር ከ4,294,967,295 ባይት (4 ጊጋ ገደማ) የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም።

ሌላ ሰው ቢሆን ትቶት ይተኛ ነበር። እኔ ግን ቁጥር ካየሁ መበታተን አመሌ ነው። ታክሲ ውስጥ ስቀመጥ የፊተኛውን መኪና ታርጋ ሳካፍል ነው የምደርሰው። ይሄኛው ደግሞ እጅ በእጅ ተፈታልኝ፦ 3 × 5 × 17 × 257 × 65,537። ቀጥሎ ያለው 4,294,967,296 ምንም አይደለም፤ 2 ራሱን 32 ጊዜ ሲባዛ ነው። ሦስተኛው ጎረቤት፣ 4,294,967,297፣ ላይ ግን ተቸከልኩ። ለ3 አይካፈልም። ለ7፣ ለ11፣ ለ13 አይካፈልም። የስልኬን ካልኩሌተር ይዤ እስከ 499 ያሉትን ፕራይሞች (ትምህርት ቤት ብቸኛ ቁጥር የምንላቸውን፣ ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ የማይካፈሉትን) አንድ በአንድ ሞከርኩ። አንዱም ያለ ቀሪ አላካፈለውም።

እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ሒሳብ የሚወራበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ክር (የውይይት ርዕስ) ከፈትኩ። በጥያቄ መልክ ብጽፈው ምን ነበረበት? እኔ ግን ቁጥሩ ፕራይም ነው ብዬ ደምድሜ ተኛሁ። ከታች ያለው ጠዋት ስነሳ የጠበቀኝና ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን የተከተለው ነው። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ ስምም አልጠራም። በመልሱ ቁጥር ብቻ ልሂድ።

1. የመጀመሪያው መላሽ ከእኔ ጋር ተስማማ። ምክንያቱ ግን አሳፈረኝ። ቁጥሩ በ7 ስለሚያልቅ ብቻ ፕራይም መሆን አለበት ባይ ነው። እንዲህ ያለ ደጋፊ ከማግኘት ተቃዋሚ ይሻላል።

2. ሁለተኛው በጨዋ ደንብ አረመው። 57ም በ7 ያልቃል፤ ግን 3 × 19 ነው። 77 አለ፣ 87 አለ። የመጨረሻው አሃዝ ለ2 እና ለ5 መካፈል አለመካፈሉን ከመንገር አያልፍም። ወንድሜ ብሎ ጠርቶኝ በርታ አለኝ።

3. አስተማሪ መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። አሃዞቹን ደምረው 59 አገኙ። 59 ለ3 ስለማይካፈል ቁጥሩም አይካፈልም። ከዚያ ከኋላ ተነስተው አንዱን አሃዝ እየደመሩ ቀጣዩን እየቀነሱ −17 ላይ ደረሱ፤ −17 ለ11 ስለማይካፈል 11ም በዚሁ ወጣ። እስከዚህ ልክ ነበርኩ። ቁንጥጫው ቀጥሎ መጣ። አንድ ቁጥር ፕራይም ነው ለማለት እስከ ስኩዌር ሩቱ ድረስ ያሉትን ፕራይሞች መጨረስ ያስፈልጋል። የዚህኛው ስኩዌር ሩት ከ65,536 የሚያልፈው በኢምንት ነው። እስከዚያ ድረስ 6,542 ፕራይሞች አሉ። እኔ የሞከርኩት 2ን ጨምሮ 95ቱን ነው። መቶ ቤት ባለበት ሰፈር ሁለት በር ሳላንኳኳ ሰው የለም ብዬ እንደተመለስኩ ቆጠሩብኝ።

4. እዚህ ጋ አንድ ወጣት ፕሮግራመር ገባ። ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ኮድ ጽፎ ቁጥሩን ፈትኖታል። ፈተናው ቀላል ነው፦ 2ን ከቁጥሩ አንድ ባነሰ ርቢ ማሳደግ (ያን ያህል ጊዜ ራሱን ማባዛት)፣ ከዚያ ለራሱ ለቁጥሩ ማካፈል። ቁጥሩ ፕራይም ከሆነ የግድ 1 ይቀራል። ኮዱ 1 አወጣ። ልጁም ክርክሩ እንዳለቀ አወጀ፤ አስተማሪውን ከኮምፒውተር ዘመን በፊት የቀሩ አድርጎ ሁለት የሳቅ ምልክት ጣለባቸው። እኔ በልቤ አጨበጨብኩለት። አልክድም።

5. ሰላምታ የለ፣ ማብራሪያ የለ። አንድ መስመር ብቻ፦ 641 × 6,700,417።

ካልኩሌተሬን አነሳሁ። ልክ ነው፣ ቀሪ የለውም። ከ499 በኋላ እስከ 641 ስንት ፕራይም እንዳለ ስቆጥር 21 ሆነ። ሃያ አንድ! ተጨማሪ ሩብ ሰዓት ብታገስ ኖሮ ራሴ አገኘው ነበር። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል።

6. የ4 ቁጥሩ ልጅ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ድምፁ ጠንከር ብሏል። የስልክ ካልኩሌተር ትልቅ ቁጥር ሲሆን እንደሚያጠጋጋ፣ የኮዱን ውጤት ደግሞ ማንም ሊያስተባብል እንደማይችል ጻፈ። 5 ቁጥርን ወሬኛ ከማለት ትንሽ ነው የቀረው።

7. ከክሩ ሁሉ ለእኔ የጣፈጠኝ ይሄ ነው። አንዲት ሴት ያለ ካልኩሌተር፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ፣ ማባዛቱን አረጋገጠች። 641ን ቀሪውን እየጣለች ለሁለት ትከፍለዋለች፦ 641፣ 320፣ 160፣ 80፣ 40፣ 20፣ 10፣ 5፣ 2፣ 1። በጎን 6,700,417ን በየመስመሩ እጥፍ ታደርገዋለች። በግራ በኩል ኢ-ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ብቻ ትይዛለች። ከአሥሩ መስመር ሦስቱ ብቻ ተረፉ፤ 641 ያለበት፣ 5 ያለበትና 1 ያለበት። በእነሱ አንጻር የተጻፉት 6,700,417 እና 857,653,376 እና 3,430,613,504 ናቸው። ሲደመሩ 4,294,967,297። ካልኩሌተር አጠጋጋ ለሚለው የማያዳግም መልስ ነው። ዘዴው በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የኢትዮጵያ ማባዣ በሚል ስም እንደሚገኝም ጠቆመች።

8 እና 9 በዚህ ስም ላይ ተጣሉ። አንዱ መርካቶ ያደገ ነው። ነጋዴ ሲያባዛ አይቶ የሚያውቀው በቃሉ ወይ በካልኩሌተር እንጂ በእንዲህ ያለ ጣጣ እንዳልሆነ ተናግሮ ስሙን ፈረንጅ ያወጣልን ነው አለ። ሌላው ተቆጣ። የራሳችንን ነገር ማጣጣል ለምዶብናል ብሎ ረጅም ንግግር ጀመረ። የጥንት ግብፆችም በእጥፍ እያባዙ ይሠሩ እንደነበርና ዘዴው የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ ተብሎም እንደሚጠራ ሌሎች ጣልቃ ገብተው አነሱ። ከቁጥሩ ርቀን ሄድን።

10. አስተማሪው ተመለሱ። ተሳዳቢውን ልጅ አልነኩትም። ይልቅ ኮዱ ለምን እንደዋሸ አስረዱ፤ ይሄ ነው ትልቅነት። ከ2 ከራሱ በቀር ፕራይም ሁሉ ፈተናውን ያልፋል፤ ያለፈ ሁሉ ግን ፕራይም አይደለም። ዶሮ ሁሉ ሁለት እግር አለው፣ ባለ ሁለት እግር ሁሉ ግን ዶሮ አይደለም። 341ም በ2 ሲፈተን ያልፋል፤ ግን 11 × 31 ነው። የእኛ ቁጥር ደግሞ ከሌሎች ይብሳል። ከ2 ርቢ በ1 ብቻ ስለሚበልጥ፣ 2 ራሱን 32 ጊዜ ሲባዛ ከቁጥሩ በ1 ያንሳል፤ −1 ቀረ ማለት ነው። 64 ጊዜ ሲባዛ 1 ይቀራል። ቁጥሩ ሲቀነስ አንድ ደግሞ የ64 ብዜት ነው። ስለዚህ በ2 ከተፈተነ ምንጊዜም ያልፋል፤ ፈተናው ለእሱ ፈተና አይደለም። መሠረቱን ከ2 ወደ 3 ቀይሮ እንዲሞክረው ልጁን ጠየቁት።

11. ልጁ ሞከረ። 1 አልወጣም። ይቅርታ ጠየቀ፤ አጭር ነው፣ ግን ጠየቀ። እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይታይም።

12. ታሪኩን ያመጣው ሌላ ሰው ነው። ከዚህ ጀምሮ ዓ.ም. ያልተጻፈባቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች ናቸው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ደ ፈርማ በ1640 አካባቢ እነዚህን ቁጥሮች አይቶ ነበር፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። የ2 ርቢ ተወስዶ 1 ሲደመርበት የሚመጡ ናቸው፤ ርቢው 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ እጥፍ ይሆናል። አምስቱም ፕራይም ናቸው። ፈርማ ቀጣዮቹም እንዲሁ ይሆናሉ ብሎ አመነ። ቀጣዩ፣ ርቢው 32 የሆነው፣ የእኔው ጉደኛ ነው። በ1729 ጎልድባክ የሚባል የሒሳብ ሰው ነገሩን ለሌላው የሒሳብ ሊቅ ለኦይለር በደብዳቤ አነሳለት። ኦይለር ያኔ ሴንት ፒተርስበርግ ነበር። በ1732፣ በ25 ዓመቱ፣ 641 እንደሚያካፍለው አሳየ። ይህን ሳነብ እፍረቴ ትንሽ ቀለለ። ከፈርማ ጋር አብሮ መሳሳት ያኮራል እንጂ። መላሹ ጨምሮ እንደጻፈው፣ ከአምስቱ ሌላ ፕራይም የሆነ የፈርማ ቁጥር እስካሁን አልተገኘም።

13. ሌላው የዜራ ኮልበርንን ነገር አመጣ። በ1804 የተወለደ የአሜሪካ የቬርሞንት ልጅ ነው። ስምንት ዓመቱ ገደማ ለንደን ወስደውት በአደባባይ ሒሳብ ሲያሠሩት ይህንኑ ቁጥር ሰጡት፤ ልጁ በቃሉ 641 እና 6,700,417 ብሎ መለሰ ይባላል። ክሩ ውስጥ ሦስት ሰው አላምንም አለ። እኔ መካከል ላይ ነኝ።

14. ኦይለር እንዴት 641 ላይ ዘሎ እንዳረፈ የጠየቀ ሰው ነበር፤ ይህኛው መለሰለት። ኦይለር በኋላ እንዳረጋገጠው፣ ይህን ቁጥር የሚያካፍል ፕራይም ካለ ከ64 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት። ስለዚህ 3ንም 7ንም መንካት አያስፈልግም። ተራው 65፣ 129፣ 193፣ 257 እያለ ይሄዳል። ፕራይም ያልሆኑት ሲጣሉ የሚቀሩት 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው። በአምስተኛው ሙከራ ተገኘ። እኔ በ95 ያቃተኝን!

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሉካስ የሚባል ፈረንሳዊ ደግሞ 64ን ወደ 128 አሳደገው። በእሱ መንገድ 257 እና 641 ብቻ ይቀራሉ።

15. ይህ ሰው ማካፈሉን ራሱን አስቀረው። 641 በሁለት መልክ ይጻፋል፤ 5 × 128 + 1፣ እንዲሁም 625 + 16። ከመጀመሪያው፣ 5 × 128 ለ641 ሲካፈል −1 ይቀራል። አራቴ ራሱን ሲባዛ ምልክቱ ይጠፋና 1 ይቀራል። ያ ማለት 625 በ2 28ኛ ርቢ ተባዝቶ 1 ያስቀራል። ከሁለተኛው ደግሞ 625 እና −16 ለ641 ሲካፈሉ እኩል ቀሪ አላቸው። 625ን አውጥተህ −16ን ተካ፤ 16 የ2 አራተኛ ርቢ ስለሆነ 28 እና 4 ተደምረው 32 ይሆናሉ። የ2 32ኛ ርቢ −1 አስቀረ። 1 ሲጨመርበት ዜሮ። አለቀ። ሁለቴ አነበብኩት፤ በሦስተኛው ገባኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

16. በቁጣ የመጣው ይህ ነው። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተሸጠ ስለ 641 የሚያወሩ ሰዎች ሥራ ፈት መሆናቸውን፣ አገር የሚያስፈልጋት ሌላ መሆኑን ዘረዘረ። ሰባት ሰው ወደደለት።

17. በባንክ አፕ ገንዘብ ትልክ የለም ወይ ብሎ የመለሰለት አለ። ሁለት ትልልቅ ፕራይሞችን ማባዛት ቀላል፣ ውጤቱን መልሶ መበተን ግን ከባድ መሆኑ ለምስጢር መቆለፊያ እንደሚያገለግል አስረዳ። በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን ያወጡት አርኤስኤ የሚባለው ዘዴ ይህ ነው። ሰው እንዲበትናቸው ለውድድር ከቀረቡት ቁጥሮች ባለ 250 አሃዙ አርኤስኤ-250 የተበተነው በ2020 ነው። ባለ 617 አሃዙን ማንም አልበተነውም። የእኛ ቁጥር 10 አሃዝ ብቻ ነው፤ ያውም እኔን አሸንፎኛል።

18. ሌላ የኮምፒውተር ሰው ደግሞ 17ን አረመው። አሁን ብዙ አፕ የሚጠቀመው ከርቭ የሚባለውን ሌላ ዘዴ እንደሆነ ነገረው። ሁለቱ እስከ 21 ድረስ ሲጎሻሸሙ ዋሉ። እዘለዋለሁ።

22. በመካከል አንዲት እህት ጣልቃ ገባች። ከ2 ቁጥር ጀምሮ ሁሉም አንተ፣ ወንድሜ፣ ወንድማችን እያሉ ሲጽፉልኝ ቆይተዋል። መገለጫዬን ከፍቶ ያየ የለም። ሴት መሆኔን ነገረቻቸው። ሒሳብ ላይ ክር የከፈተ ሁሉ ወንድ ነው ያለው ማነው ብላ ጠየቀች። ይቅርታው ጎረፈ። አስተማሪው ልጄ ብለው ጻፉልኝ፤ እሱን ወደድኩት።

23. ለእኔ ሌላው የክሩ ዕንቁ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አልፎት ሄደ። ከ4 ብዜት በ1 የሚበልጥ ፕራይም የሁለት ካሬዎች ድምር ሆኖ በአንድ መንገድ ብቻ ይጻፋል። የእኛ ቁጥር የ65,536 ካሬ ሲደመር የ1 ካሬ ነው፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ሌላም መንገድ አለው፦ የ62,264 ካሬ ሲደመር የ20,449 ካሬ። ካሬዎቹ 3,876,805,696 እና 418,161,601 ናቸው፤ ደምሩት። ሁለት መንገድ ካለው ፕራይም ሊሆን አይችልም። አካፋዩን ሳታውቅ ተካፋይ መሆኑን አወቅህ። ቁጥሮቹ ከየት መጡ ላለ ሰው፣ 641 የ25 እና የ4 ካሬዎች ድምር፣ 6,700,417 ደግሞ የ2,556 እና የ409 ካሬዎች ድምር መሆኑን አሳይቶ ሁለቱን አዋሃዳቸው።

24. አንድ የኔትወርክ ባለሙያ ወደ 32 ቢት (ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፍባቸው 32 የ0 ወይም የ1 ቦታዎች) መለሰን። የድሮዎቹ ኮምፒውተሮች ሰዓት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች ጃንዋሪ 1 ቀን 1970) ጀምሮ ሰከንድ ይቆጥራል። በ32 ቢት የሚቆጥረው፣ አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ስለሚሄድ፣ እስከ 2,147,483,647 ብቻ ይደርሳል። ይሄኛው ቁጥር የእውነት ፕራይም ነው፤ ያረጋገጠውም ያው ኦይለር ነው፣ በ1772። ቆጠራው የሚያልቀው ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ነው።

25. አንድ ሰው ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር ለወጠው። ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.። ጥምቀት! በአዲስ አበባ ሰዓት ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ጃንሜዳ ሕዝቡ ጠበሉን ሲጠባበቅ ያልተስተካከሉት ኮምፒውተሮች ቀን ይስታሉ ማለት ነው። ራሴ ቆጠርኩት፤ ልክ ነው።

26 እስከ 29. ጥምቀት ሲነሳ ዲያቆን የሆነ አንድ ተሳታፊ ባሕረ ሐሳብን (የቤተ ክርስቲያን የዘመንና የበዓላት ስሌትን) አመጣ። ዐቢይ ቀመር የሚባለው ትልቁ ዙር 532 ዓመት የሆነው የትንንሾቹ ዙሮች ዓመታት፣ 19 እና 28፣ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው እንደሆነ በሁለት መስመር አስቀመጠው፤ ጥሩ አድርጎ። ከዚያ አንዱ ይህ የሒሳብ እንጂ የሃይማኖት መድረክ አይደለም አለ። ሌላው 19 ጊዜ 28 ሒሳብ ካልሆነ ምንድነው ብሎ ጮኸ። አስተዳዳሪው ሁለቱን አስጠነቀቀ። ዲያቆኑ ግን ዝም አለ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር።

30. የ4 ቁጥሩ ልጅ እንደገና መጣ። ቀጣዩን የፈርማ ቁጥር፣ 18,446,744,073,709,551,617ን ይዞ። ይህን ደግሞ 274,177 ያካፍለዋል። በ1880 ላንድሪ የሚባል ፈረንሳዊ በ82 ዓመቱ በትኖ እንዳሳተመው አንብቧል። ኮምፒውተር ሳይኖር! ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ላይ እንደማይስቅ ለአስተማሪው ጻፈላቸው።

31. የመጨረሻው መላሽ ከላይ ያለውን አንዱንም አላነበበም። ያየው የመጀመሪያውን አንቀጽ ብቻ ነው። ፍላሹ በፋት32 ፈንታ ኤክስፋት በሚባለው ሌላ አሠራር ፎርማት ከተደረገ ፊልሙ ይገባል ብሎ መከረኝ። ሌላው ሁሉ ሰው አንድ ቃል ያልተነፈሰበትን ነገር እሱ ብቻ መለሰ። እንዳለኝ አደረግኩ። ፊልሙ ገባ። ፎርማት ሲደረግ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አልነገረኝም፤ የእህቴ ሠርግ ፎቶ እዚያ ነበር። ለእሱ ሌላ ክር ከፍቻለሁ።